«ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚል በር «ውሻዎን ይዘው ይምጡ» ወደሚል ቤት

ርዕሱን ያየ አንባቢ «ይህ ሰውዬ ሌላ የሚጽፈው አጥቶ ነው? አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ባለችበት ሰዓት ስለ ውሻ ማደሪያ ያወራል?» ሊለኝ እንደሚችል አልጠፋኝም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴም አጭር ነው። በስደት አገር ቤት ገዝቶ ለእንግዳ የሚያከራየው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህ ሰው ሥራውን በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት «ውሻችንን ይዘን መምጣት እንችላለን?» የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል። ለዚህች አጭር ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ደግሞ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሕግና ስለ ሐቀኝነት ያለንን አስተሳሰብ ሁሉ ጎትቶ ያወጣዋል። ብዕሬን ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ የቆምኩበትን ቦታ ልናገር። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ሲሆን፣ በዚያው በቨርጂኒያ በሸናንዶዋ ተራሮች ሥር፣ ሉሬይ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ለአጭር ጊዜ የምናከራያት ባለ ሦስት መኝታ የእንጨት ቤት አለችን። ከዋሽንግተን ዲሲ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ወደዚህች ቤት የሚመጡት እንግዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጣ ብለው በተራራው ላይ ለመንሸራሸር የሚመጡ አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ለልደት፣ ለጽዋ ማኅበር፣ ከአገር ቤት የመጣች እናትን አየር ለማስለወጥ ይከራዩናል። የመጀመሪያዎቹ ያለ ውሻቸው አይንቀሳቀሱም። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ግን ውሻ ባደረበት ቤት ማደር አይፈልጉም። እንግዲህ የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤት እነዚህን ሁለት እንግዶች አንዱን ሳያታልል እንዴት ማስተናገድ ይችላል?

ፍርሃታችን መሠረት አለው

አንዳንድ ወገኖቻችን ውሻ መፍራትን የኋላቀርነት ምልክት አድርገው ሲያፍሩበት አያለሁ። በበኩሌ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ በስንቱ የቆርቆሮ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አንብበን አልፈናል? ውሻ በእኛ ዘንድ የቤት ሰው ሳይሆን የግቢ ዘበኛ ነው። ሥራው እንግዳን ማስፈራራት እንጂ መቀበል አይደለም። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ደሙ በከንቱ የፈሰሰ፣ ተጠያቂ ያልተገኘለት ሰው «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል፤ የውሻ ደም ሆነ ማለት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ደግሞ ታማኝነቱን እያደነቅን በዚያው አንደበት አድርባዩን ሰው እንሰድብበታለን።

ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ከመቶ 99ኙም በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናቶቻችን «አትንካው፣ ራቀው!» ሲሉን የነበረው በቂ ክትባት ባልነበረበት አገር ሊሰጥ የሚችለውን ምርጥ የሕክምና ምክር ነበር። በአሜሪካ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአገሪቱ መጥፋቱ ታውጇል። በሌሊት ወፍ፣ በራኩን፣ በቀበሮና በመሳሰሉት የዱር እንስሳት ላይ ያለው አሁንም አልጠፋም፤ ውሾች መከተባቸው የቀጠለውም ለዚሁ ነው። ፍርሃታችን የተወለደበት አገርና አሁን የምንኖርበት አገር በዚህ ረገድ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሃይማኖቱም ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ገባ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ጽዋ፣ ጠበልና ጸሎት ያለበት ቤትም እንዲሁ ይታያል። በእስልምና በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ይታጠባል፤ በማሊኪ መዝሀብ ግን ውሻ በሕይወት እስካለ ድረስ ንጹሕ ነው። ይሁንና ሁለቱም ሃይማኖቶች ውሻን የመንገደኛ ባልንጀራ አድርገውም ያውቁታል። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሯቸው ነበር። በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ ውስጥም የዋሻው ሰዎች ተኝተው ሳሉ ውሻቸው እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ነበር። አንዱ ውሻ መንገደኛ፣ ሌላው ደጃፍ ጠባቂ መሆኑን ልብ ይሏል።

ክልከላው የሚያመጣው

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ከአሜሪካ ቤተሰቦች ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውሻ አለው። ውሻው የሚያድረው ከደጅ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም አልጋ ላይ ነው። ልጆቹ ርቀው ለሚኖሩ፣ የትዳር ጓደኛውን በሞት ላጣ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሌላ ፍጡር ላይኖር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለሦስት ቀን ዕረፍት ሲወጣ ውሻውን ወይ ለማቆያ ከፍሎ መተው፣ ወይ ይዞት መጓዝ አለበት።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ይዞት እንዲመጣ ይገፋፋዋል። በብዙዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ከመኪና ማቆሚያና ከካምፕ ቦታ አልፎ በእግር መንገዶቹ ላይ እንዲሄድ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን ከሚፈቅዱት ጥቂቶች አንዱ ነው። ወደ 800 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የእግር መንገዱ ውስጥ ለውሻ የተከለከለው ከ32 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዋናው ደንብ ውሻው ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ገመድ እንዲያዝ ነው። እንግዲህ ተራራው የተቀበለውን ቤቱ አልቀበልም ሲል ምን ይሆናል?

ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ቤት የሚያከራይ ወዳጄ መልሱን ያውቀዋል። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ውሻ አይፈቀድም» ብሎ ጽፏል። ይሁን እንጂ እንግዳ በወጣ ቁጥር ከአልጋው ሥር ጸጉር፣ ከበሩ እንጨት ላይ የጥፍር ጭረት ያገኛል። ክልከላው ውሻውን አላስቀረውም፤ ደበቀው እንጂ። የተደበቀ ውሻ ደግሞ ከተፈቀደለት ውሻ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። ባለቤቱ ጭቃውን የሚጠርግበት ፎጣ ስጡኝ ብሎ አይጠይቅም፤ ምንጣፍ ላይ የሸናበትን አይናገርም፤ ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ብቻውን ዘግቶበት ይወጣል። ባለቤቱ ስለማይነግረን በምን እንደምናጸዳ አናውቅም፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለሚቀጥለው እንግዳ «ይህ ቤት ውሻ ገብቶበት አያውቅም» እያልን ሳናውቅ የምንዋሽ መሆኑ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናምታታው ነገር ስላለ ረጋ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1990 የተፈረመው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ለአካል ጉዳተኛ የተለየ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻን እንደ ለማዳ እንስሳ አያየውም። ዓይነ ስውርን የሚመራ፣ ለመስማት የተሳነው ሰው የበር ደወል የሚያሳውቅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን የሚረዳ ውሻ ከዚህ ይመደባል። ሕጉ የሚመለከተው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሁለት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይችላል። አንደኛው ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ሁለተኛው ምን ሥራ እንዲሠራ ሠለጠነ የሚሉት ናቸው። ወረቀት አምጣ፣ ሕመምህ ምንድን ነው፣ ሲሠራ አሳየኝ ማለት አይቻልም። የውሻ ክፍያ መጨመርም አይፈቀድም፤ ጉዳት ካደረሰ ግን ማንኛውም እንግዳ እንደሚጠየቀው ባለቤቱ ይጠየቃል። ውሻው ከቁጥጥር ውጪ ከሆነና ባለቤቱ ካልገታው፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጸዳዳ ከሆነ እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል።

ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ከአምስት የማይበልጡ ክፍሎችን የሚያከራይ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። ሆኖም እንደ ኤርቢኤንቢ ያሉት አገናኝ ድርጅቶች በራሳቸው መመሪያ አከራዮቻቸው የሠለጠነ ረዳት ውሻን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀበሉ ያስገድዳሉ፤ ለምሳሌ አከራዩ እዚያው ቤት የሚኖርና ከባድ አለርጂ ያለበት ከሆነ ልዩ ሁኔታ ሊታይለት ይችላል። «የስሜት ድጋፍ» ይሰጣል የሚባለው እንስሳ ግን በዚህ ሕግ ከሠለጠነ ረዳት ውሻ ጋር አይቆጠርም፤ ከኢንተርኔት የሚገዛው የምስክር ወረቀትም በዚህ ሕግ ፊት መብት አያስገኝም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ስላላቸው ግን ያሉበትን አካባቢ ሕግ ማንበብ ግድ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በአገናኝ ድርጅት በኩል ቤቱን የሚያከራይ ሰው «በእኔ ቤት ውሻ ከቶ አይገባም» ብሎ ለማንም ቃል መግባት አይችልም። ዛሬ ባይመጣ ነገ መሪ ውሻው አብሮት የሚሄድ ዓይነ ስውር ይመጣል። ስለዚህ ውሻ ብንወድም ባንወድም ቤቱን ማዘጋጀት አይቀርልንም።

ቤቱን ማዘጋጀት

የእኛ ልምድ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ወለሉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ምንጣፍ ሽንትና ጸጉር ያስቀራል፤ እንጨት ወይም ሴራሚክ ይሻላል። ሶፋው ላይ በማጠቢያ ማሽን የሚታጠብ ልብስ እናደርጋለን። መግቢያው ላይ አሮጌ ፎጣዎች፣ የውኃ ሳህን፣ የእዳሪ መሰብሰቢያ ከረጢትና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለ። እንግዳው እነዚህን ሲያይ «ውሻዬን አውቀውት ነው የጠበቁት» ይላል፤ አክብሮ ለተቀበለው ቤት ደግሞ ይጠነቀቃል።

ሁለተኛ፣ ማጽጃው። የውሻ ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በተራ ሳሙና በደንብ አይለቅም፤ ደረቀ ሲሉት እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው ይመለሳል። ይህን የሚሰባብረው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው። አሞኒያ ያለበትን መጠቀም ግን ሽንት ራሱ አሞኒያ ስለሚሸት ቀጣዩን ውሻ «እዚህ ሽና» ብሎ እንደመጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ለውሻው የሚያሰጋው። ይህ በተለይ ለእኛ ቤት ይጠቅማል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። እንግዲህ ካለፈው እንግዳ የተረፈ ዶሮ ወጥ ቆሻሻ ውስጥ ክፍት ከተገኘ አስቡት! ቡና፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ በማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። የአይጥ መርዝና የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ከግቢው መራቅ አለባቸው፤ የኋለኛው ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል።

አራተኛ፣ ግቢው። አጥር ካለ ቀዳዳውን መድፈን፣ ከሌለ ደግሞ «አጥር የለውም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። በሸናንዶዋ ጥቁር ድብና አጋዘን አለ፤ ገመዱን የፈታ ውሻ ሲያባርር ይጠፋል፣ ወይም ድቡን አስቆጥቶ ወደ ጌታው ይዞት ይመጣል። የአካባቢው መዥገርም ላይም የተባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ከሽርሽር መልስ ውሻውንም ሰውንም መፈተሽ እንደሚገባ በሩ ላይ ለጥፈናል።

አምስተኛ፣ ውሉ። ከሁለት ውሻ በላይ አንቀበልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰዱ መሆን አለባቸው፤ አልጋ ላይ አይወጡም፤ በማያውቁት ቤት ብቻቸውን አይተዉም። ውሻ ባዕድ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀር ጌታው የማይመለስ ይመስለዋል፤ ጩኸቱም በር መቧጨሩም ከዚያ ነው። ለተጨማሪው ጽዳት በቆይታ አንድ ጊዜ መጠነኛ ክፍያ እናስከፍላለን። ክፍያው ከከበደ እንግዳው ወደ መደበቁ ይመለሳል። የቤት ኢንሹራንስ ውልንም ማንበብ አይዘንጋ፤ የውሻ ንክሻን ወይም አንዳንድ የውሻ ዝርያዎችን ከሽፋኑ የሚያስወጡ ኩባንያዎች አሉ።

የሚቀጥለው እንግዳ

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚመጣው ውሻ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ውሻው ከሄደ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው። እርሱ ውሻውን አላየውም፤ የሚያምነን በቃላችን ብቻ ነው።

አለርጂን እንውሰድ። ብዙ ሰው ችግሩ ጸጉሩ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በአየር ይንሳፈፋል፤ ጨርቅና ምንጣፍ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። «አለርጂ የማያመጣ ዝርያ» የሚባለውም አያስተማምንም። ቁንጫም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ላይ ረግፎ ወለል ላይ ያድጋል፤ በኮሽታና በሙቀት እስኪቀሰቀስ ድረስ ሽፋኑ ውስጥ ለሳምንታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ቤቱ ሁለት ሳምንት ባዶ ሆኖ ቢሰነብት፣ የሚነከሰው ውሻ ኖሮት የማያውቀው ቀጣዩ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ እንግዳ በወጣ ቁጥር የወለል ስንጥቆችን ሳይቀር በቫኪዩም መጥረግና ጨርቁን ሁሉ በሙቅ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ ከሦስቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን ውሻ ፈጽሞ የማይገባበት አድርገን ለየነው። የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ አንሶላና ብርድ ልብስ አለው፤ ውሻ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ አይከፈትም። ሰላት የሚሰግድ ወንድማችን፣ ጸሎት የምታደርስ እናታችን እዚያ ያርፋሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስገንዘብ እወዳለሁ። የተዘጋ በር ለሃይማኖት ሰው ሊበቃው ይችላል፤ ለአስም ሕመምተኛ ግን አይበቃውም። የአየር ቱቦው አንድ ነውና። ስለዚህ አስም ያለበት ልጅ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ሲጠይቁን ሌላ ቤት እንዲፈልጉ በትሕትና እንነግራቸዋለን። ገቢው ይቅር!

ባለፈው ክረምት ይህ ጉዳይ በተግባር ተፈተነ። በምናውቃቸው ሰዎች የተመሠረተ አንድ የጽዋ ማኅበር ቤቱን ሊከራይ ጠየቀን። ከገንዘቡ በፊት ውሻ የምንቀበል መሆናችንን ነገርናቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እናታችን ስልኩን ተቀበሉና «ልጄ፣ ውሻ የተኛበት ቤት ውስጥ ጽዋውን ልናስቀምጥ ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ሳሎኑ ይገባበታል፣ አልዋሽዎትም። አንዱ ክፍልና በረንዳው ግን ንጹሕ ነው» አልኳቸው። ተመካከሩ። ጽዋው በረንዳው ላይ፣ ዛፎቹ ፊት ለፊት እንዲሆን ተስማሙ፤ እትዬም የተለየው ክፍል ውስጥ አደሩ። ሁለት ቤተሰቦች ግን ሉሬይ ከተማ ውስጥ ሆቴል ያዙ። አልተቀየምናቸውም፤ እነርሱም አልተቀየሙንም። የተቀያየምነው ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ ውሻው ሳይሆን ውሸት ይሆን ነበር።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ሰው እንግዳ ተቀባይነት ማለት የእንግዳውን ፍቅር ሁሉ መውደድ ይመስለዋል። በእኔ እምነት አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ ውሻ ሲልሰኝ እጄን እሰበስባለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ውሻ ሲገባ ወንበር ትቀይራለች። ይህ ለሥራው አያግደንም። ውሻን መቀበል ለእኛ የፍቅር ሳይሆን የሥርዓት ጉዳይ ነው። ለሚመጣው በሩን በግልጽ መክፈት፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣውም የሆነውን በግልጽ መናገር ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው የአገር ቤት ጽሑፍ ቢያንስ አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ እንግዳው ሳይገባ በፊት እውነቱን ይነግረዋል። እዚህም ማስታወቂያችን ላይ «ውሻ እንቀበላለን፤ አንድ ክፍል ግን ለውሻ ዝግ ነው፤ አለርጂ ያለበት ይጠይቀን» ብለን ስንጽፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ቤት አከራይታችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ውሻ ተቀበሉ ወይም አትቀበሉ አልላችሁም። የፈለጋችሁትን ብትመርጡ ግን የመረጣችሁትን ጻፉት፣ የጻፋችሁትንም ፈጽሙት። የማይታየው ቀጣይ እንግዳ የሚያርፈው ቃላችን ላይ ነውና።

ቸር ይግጠመን።